ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት እቤት ሲገባ፦ የማህበረሰብ ነርስ ምን ትሠራለች?

አክስቴ የምትኖረው ደሴ ነው፣ ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ ወጣ ብሎ። ዕድሜዋ 60ን ተሻግሯል። ግፊት አለባት። ባለፈው ክረምት እሷ ቤት ቁጭ ብለን ሁለተኛውን ቡና ስንጠጣ የቀበሌው ነርስ መጣች።

ጃንጥላዋን በር ላይ አስደግፋ፣ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ቦርሳዋን ምንጣፉ ላይ አላስቀመጠችም። ጋዜጣ አውጥታ ዘረጋችና እሱ ላይ አደረገችው። ከዚያ ውሃና ሳሙና ጠየቀች። የአክስቴ ልጅ አስታጠበቻት። ረጋ ብላ፣ በጣቶቿ መሀል እያሸች ታጠበች። በኋላ ስጠይቃት ይሄ ተማሪ ሳለች የተማረችው ሥርዓት እንደሆነ ነገረችኝ። ቦርሳው ከቤት ቤት ይዞራል። የአንዱን ቤት ጀርም ለሌላው እንዳያደርስ ነው።

"ግፊቱን አሁን አልለካም እማ" አለቻት። "ቡና ጠጥተዋል። ግማሽ ሰዓት ይለፍ።"

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያቺ ግማሽ ሰዓት ናት።

"መድኃኒቱን ይወስዳሉ?"

"አዎ ልጄ። ራሴን ሲያመኝ እወስዳለሁ።"

ነርሷ አልተቆጣችም። "እስቲ ያሳዩኝ" ብቻ አለች። አክስቴ ከሳጥን ውስጥ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ነገር አወጣችና ፈታችው። ነርሷ ፍሬዎቹን በጣቷ ሁለት ሁለት እያደረገች ቆጠረች። የተሰጣት 30 ፍሬ ነው፣ በቀን አንድ። ከተሰጣት 26 ቀን ሆኗታል። መቅረት የነበረበት 4 ነው። የቀረው 22 ሆነ። በ26 ቀን 8 ፍሬ ብቻ ነው የወሰደችው።

"አብሽሩ እማ" አለቻት። "እናስተካክለዋለን።"

እስቲ ይህን ነገር ከሆስፒታሉ በኩል እንየው። ሐኪሙ አክስቴን በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ ነው የሚያያት። ውጪ ወረፋው ረጅም ነው። ግፊቷን ይለካል፣ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። "መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?" ሲላት "አዎ" ትላለች። ውሸት አይደለም፣ ትወስዳለች። ሲያማት። እሱ ግን መድኃኒቱ አልበቃትም ብሎ ያስባል። መጠኑን ይጨምራል ወይም ሁለተኛ ዓይነት ያዛል። የመጀመሪያው መድኃኒት በትክክል ሳይወሰድ ሁለተኛው ይመጣል ማለት ነው። አንድ ቀን አክስቴ ፈርታ ሁለቱንም አንድ ላይ ብትጀምር ግፊቷ ድንገት ወርዶ ማዕድ ቤት ልትወድቅ ትችላለች።

ሐኪሙ ጥፋት የለበትም። የነጠላው ቋጠሮ ግን ከጠረጴዛው ፊት ቀርቦ አያውቅም። ቋጠሮውን የሚያየው ቤት ድረስ የሄደ ሰው ብቻ ነው። የማህበረሰብ ነርስ ሥራ ለእኔ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት የሚታዘዘው ሆስፒታል ነው፤ የሚሠራው ወይም የሚከሽፈው ግን ቤት ውስጥ ነው።

አሁን ስለ ስያሜው። ነርስ ስንል አብዛኞቻችን የሚመጣልን ነጭ ጋውን፣ መርፌና ዋርድ ነው። የዋርድ ነርስ ሥራ የታመመውን ሰው ማስታመም ነው። ሰውየው አልጋ ላይ ነው፣ እሷ ዘንድ መጥቷል። የማህበረሰብ ነርስ ደግሞ እሷ ናት የምትሄደው። የሚታመመውን ብቻ ሳይሆን ገና ያልታመመውንም ትፈልጋለች። የምትከታተለው አንድን ሰው ሳይሆን ቤተሰብን፣ ከዚያም አልፎ ሰፈርን ነው። አክስቴን ልትለካ መጥታ ዓይኗ የውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ፣ የምድጃው ጭስ ላይ፣ ጥግ ላይ የሚያስለው ልጅ ላይ ይሄዳል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዝ አገር ሊቨርፑል ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1859 ዊልያም ራትቦን የሚባል ነጋዴ ድሆችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ የምታስታምም ነርስ ቀጠረ። በ1893 ደግሞ ሊሊያን ዋልድ የምትባል ነርስ ኒውዮርክ ውስጥ ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ሰፈር ይህንኑ ሥራ ጀመረች። እኛ አገር ግን የራሳችን ታሪክ አለ፣ ብዙ ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያ አንድ ላይ አሠለጠነ፦ ጤና መኮንን፣ ሳኒቴሪያንና ኮሚዩኒቲ ነርስ። ሦስቱ እንደ አንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዱ ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዱ ውሃና መጸዳጃውን ያያል፣ ነርሷ እናቶችና ልጆች ዘንድ ትሄዳለች። ዛሬ "የቤተሰብ ጤና ቡድን" እያልን የምናወራው ነገር ሥሩ እዚያ ነው።

አሁን በራችንን የሚያንኳኳው ማነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል።

ገጠር ከሆናችሁ፣ ደላንታም በሉት ወረኢሉ ወይም ኩታበር፣ የምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው ተመደቡ። ሲጀመር 16 የሥራ ፓኬጆች ነበሯቸው። ከመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ እስከ ክትባት፣ ከወባ እስከ ቤተሰብ ምጣኔ ሁሉም እነሱ ላይ ነው። በመላው አገሪቱ ከ30,000 በላይ ሠልጥነዋል። ብዙዎቹ ኋላ ላይ ትምህርታቸውን አሻሽለዋል። ነርስ አይደሉም። ሥራቸው ግን ከማህበረሰብ ነርስ ሥራ ጋር በጣም ይቀራረባል። ከተማ ከሆናችሁ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ፣ ነገሩ ይለያል። የከተማው ፕሮግራም በ2002 ዓ.ም. ሲጀመር የተመደቡት በዲፕሎማ የተመረቁ ነርሶች ናቸው፣ ተጨማሪ የ3 ወር ሥልጠና ወስደው። አንዷ ለ500 ያህል አባወራ እንድትደርስ ነው የታሰበው። አክስቴ ቤት የመጣችው ከእነዚህ አንዷ ናት።

ከበላይ ያለው ሰንሰለት ቀላል ነው። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል። አምስት ያህል ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ናቸው። ጤና ጣቢያው ካቃተው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል። ሰዉ ግን ይህን መንገድ ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል በር ላይ ይሰለፋል። የሁሉም ጤና ጣቢያ ነገር አይጥምም፣ አውቃለሁ። ሆኖም ለግፊት ክትትል፣ ለእርግዝናና ለሕፃን ክትባት ሆስፒታል ወረፋ ላይ ቀን መጨረስ አያስፈልግም።

ጤና ኬላ ገብታችሁ ካወቃችሁ ግድግዳው ዳር መደርደሪያ ላይ በቤት ቁጥር የተደረደሩ ፎልደሮች ታያላችሁ። የቤተሰብ ማህደር ይባላል። አንድ ቤት አንድ ፎልደር። ውስጡ ውሃ ከየት እንደምትቀዱ፣ መጸዳጃ ቤት እንዳላችሁ፣ ማን እንዳረገዘ ሳይቀር አለ። አጠገቡ በወራት የተከፋፈለ ሳጥን አለ። ጥቅምት ላይ ክትባት ያለበት ሕፃን ካርዱ በጥቅምት ክፍል ይገባል። ወሩ ሲያልቅ ካርዱ እዚያው ካለ፣ ሕፃኑ አልመጣም ማለት ነው። እንግዲህ እግሯን አንስታ ፍለጋ ትወጣለች። ኮምፒውተርም መብራትም ላይኖር ይችላል። ሳጥኑ ግን የቀረውን ሰው ስም ይነግራታል።

ትምህርቱንም ጠጋ ብለን እንየው። ነርስ ለመሆን አንዱ መንገድ ኮሌጅ ገብቶ በዲፕሎማ መመረቅ ነው፣ ደሴ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አላት። ሌላው በዲግሪ 4 ዓመት ነው፣ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ጤና ያስተምራል። የማህበረሰብ ጤና ነርሲንግን በማስተርስ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። ከኮርሶቹ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ "የማህበረሰብ ምርመራ" የሚሉት ነው። ሰፈሩ ራሱ እንደ አንድ ታካሚ ይመረመራል። ተማሪዎቹ ተከፋፍለው ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ። ስንት ሰው አላችሁ? ውሃ ከየት ነው? ቆሻሻ የት ትጥላላችሁ? ማን ታሟል? ባለፈው ዓመት የሞተባችሁ አለ? ከዚያ መልሱን ደምረው የሰፈሩ ዋና ችግር ምን እንደሆነ ለራሱ ለሰፈሩ ይነግራሉ። ሕዝቡ የትኛው እንደሚቀድም ይመርጣል። የአልጋ ላይ በሽተኛ "ሆዴን" ይላል። ሰፈር ግን አፍ የለውም፣ ለእሱ የሚናገርለት ይህ ወረቀት ነው። ስለዚህ ነጭ ጋውን የለበሱ ልጆች መጥተው "ስንት ክፍል አላችሁ?" ሲሏችሁ ግብር ሊቆልሉባችሁ አይደለም። እባካችሁ እውነቱን ንገሯቸው።

ከመጽሐፍ የማይገኘው ደግሞ እንዴት እንደሚገባ ማወቁ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው የሚገናኝበት ቦታ ሞልቷል። ቅሬ (እድር) አለ፣ ወዳጃ (የጋራ ዱዓ) አለ፣ ማህበርና ሰንበቴ አለ። ጎበዝ ነርስ ሰው ሰብስቡልኝ አትልም፣ ሰው የተሰበሰበበት ትሄዳለች። ቅሬው ሒሳቡን ጨርሶ ቡና ሲቀርብ አሥር ደቂቃ ትለምናለች። የጾም ነገርም አለ። በረመዳን "ኪኒን ጾም ያስፈታል" ብሎ መድኃኒቱን የሚተው አለ። በፍልሰታ "ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ አልቀምስም" ብሎ የጠዋቱን የሚዘለው አለ። ነርሷ አትጹሙ ብትል ሰሚ አታገኝም። ሸኹንና የንስሐ አባቱን ታናግራለች። ከሐኪሙ ጋር ተማክራ የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ስሁር ወይም ወደ ማታ የሚዛወርበትን መንገድ ትፈልጋለች። ስኳር ያለበት ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ማማከር አለበት። ሰዓቱንም መጠኑንም በራሱ መቀየር የለበትም።

አራስ ቤት ሌላው ከባድ በር ነው። ሴትየዋ በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ አካባቢ፣ ከዚያም በ6ኛው ሳምንት መታየት አለባት። የእናትም የሕፃንም ሞት የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ ነው። በአንጻሩ ልማዳችን አራስን መሸፈንና ከዓይን መጠበቅ ነው። ነርሷ በሩን ገፍታ አትገባም። የአራሷን እናት ቀድማ ታናግራለች፣ ገንፎውን ትቀምሳለች። ከዚያ ደሙ መጠኑ እንዴት ነው፣ ትኩሳት አለ ወይ፣ ሕፃኑ ጡት ይይዛል ወይ ብላ ትጠይቃለች። አያትየዋ ቅቤ ልታውጠው ስትል "እንገሩ ይቅደም እማ፣ ይሄ የመጀመሪያው ክትባቱ ነው" ትላታለች። እትብቱ ላይ ቅቤ አይቀባም። እስከ 6 ወር ከጡት ውጪ ምንም አይሰጥም፣ ውሃም ቢሆን። አያትየዋ ካመነች ቤቱ ሁሉ አመነ። ያላመነች አያት ባለችበት ቤት ግን ምክሩ ነርሷ ከወጣች በኋላ አብሮ ይወጣል።

ስኳር ያለበት ሰው ቤት ስትገባ ጫማ ታስወልቃለች። ደሴ ብርድ ናት፣ ክረምት ላይ ሁሉም ከሰል ዳር ነው። ስኳር ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል። ሲቃጠል አይሰማውም። ማንደጃ አጠገብ ዘርግቶ ሲነሳ ቆዳው ተልጦ ያገኘዋል፣ ቁስሉም አይድንለትም። እግር እስከማስቆረጥ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ቁስል ነው። ስለዚህ በየማታው የእግርን መርገጫና የጣቶቹን መሀል ማየት፣ እግርን ከእሳት ማራቅ፣ በባዶ እግር አለመሄድ። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ኢንሱሊን ከፀሐይ ርቆ፣ እርጥብ አሸዋ ባለበት የሸክላ ዕቃ ውስጥ በሌላ ማሰሮ ቢቀመጥ ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ዓይኗ ቆዳም ላይ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። ግን በሽታው ገና ሲጀምር የሚታየው ቤት ውስጥ ነው። ቆዳ ላይ ፈዘዝ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ ቶሎ መታየት አለበት። ይድናል፣ መድኃኒቱም በነፃ ነው።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልበል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ 13 ወረዳዎች አንዱ የኛው ተሁለደሬ ነበር፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2011። በዓመት አንዴ ትከፍላላችሁ፣ ሲታመም ለቤተሰቡ ይሆናል። ምንም የሌለው ድሃ በመንግሥት ይሸፈናል። ካርዳችሁን በጊዜ አሳድሱ። ያልታደሰ ካርድ ድንገት ሲታመሙ አይጠቅምም።

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ተሰባበሩ። የግፊት፣ የስኳር፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የተቋረጠበት ብዙ ነው። ያኔ የታየው ነገር ልቤን ነካኝ። ሕንፃው ባዶ ሲሆን ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የማን ኪኒን እንዳለቀ የምታውቀው ያቺው የሰፈሯ ልጅ ናት። ያ ዕውቀት አይዘረፍም።

ልትሠራ የማትችለውንም መናገር ያስፈልጋል። ሐኪም አይደለችም። በራሷ አዲስ መድኃኒት አታዝም፣ መጠንም አትቀይርም። ሥራዋ አይታ፣ ለክታ፣ አስተምራና ተከታትላ፣ ካለፈ ደግሞ ሪፈር ማለት ነው። አንዳንድ ነገር ግን እሷ እስክትመጣ መጠበቅ የለበትም። አፍ ወደ ጎን ከዞረ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ በቀጥታ ሆስፒታል። ነፍሰ ጡር ሴት ራሷን አጥብቆ ካመማት፣ ዓይኗ ከተንሸዋረረባት ወይም ከደበዘዘባት፣ ፊቷ ካበጠ፣ ደም ከፈሰሳት በቀጥታ ሆስፒታል።

ግፊት ስትለኩ ደግሞ እነዚህን ያዙ። ቡና ከጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ሽንት ቤት ሂዱ። 5 ደቂቃ ጸጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር መሬት ረግጦ። እጅ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ሲለካ አታውሩ። በሹራብ ላይ አይለካም። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው፤ ግን በአንድ ቀን ልኬት ብቻ "ግፊት አለብህ" አይባልም፣ በሌላ ቀን ይደገማል። ቁጥሩ 180/120 ከደረሰ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ነርሷ ግማሽ ሰዓቱ ሞልቶ ስትለካት 164/98 መጣ። አክስቴ "ግን ምንም አላመመኝም" አለች። ነርሷ ወንበሯን አስጠጋች። "ችግሩ እሱ ነው እማ። ግፊት ሲጎዳ አያሳምም። ልብዎን፣ ኩላሊትዎን፣ አንጎልዎን ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። ራስ ምታት እስኪመጣ ከጠበቁ ኪኒኑ ሥራውን አይሠራም። ግፊቱን ደህና በሆኑበት ቀን ሁሉ ነው የሚይዘው።" ከዚያ "ጠዋት መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው?" አለቻት። "ሱብሂ እሰግዳለሁ።" "እንግዲያው ኪኒኑ ከመስገጃው ጋር ይቀመጥ። ሰግደው ሲጨርሱ ይዋጡት።"

ቡናውንም ጠየቀች። አክስቴ እንደ ገጠሩ በጨው ነው የምትጠጣው፣ ሦስቱንም። ነርሷ "ተዪው" አላለቻትም። በቀን የሚፈቀደው ጨው ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች እንደሆነ፣ ወጡም በርበሬውም ቂጣውም የራሳቸው ጨው እንዳላቸው በማንኪያ እየሰፈረች አሳየቻት። "ከቡናው እንጀምር፣ መጀመሪያ ሦስተኛውን ብቻ ያለ ጨው" አለቻት።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ የአክስቴን ልጅ "አንቺስ? ትተኛለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ እናቷን ማስታመም ከጀመረች 3 ዓመት ሆኗታል። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እዚያው በር ላይ ብዙ አወሩ።

በ2 ሳምንቷ ነርሷ ተመለሰች። እኔም ነበርኩ። አዲስ ከተሰጣት 30 ፍሬ 16 ቀርቷል። 14 ቀን፣ 14 ፍሬ። ልኬቱ 146/88። ገና ነው፣ ግን ወርዷል። ረከቦቱ ጥግ ላይ ተከድኖ ነበር፣ ጀበናው እሳት ላይ አልተጣደም። አክስቴ አሁን ቡናውን የምታፈላው ነርሷ ለክታ ከጨረሰች በኋላ ነው።